ቢጫ ክር በቀይ ጨርቅ

በየዓመቱ ለአስተርእዮ ማርያም ወደ እናቴ አገር ስወጣ አንድ የማልወደው ነገር አለ፤ ሰው ያመሰግነኛል። «የምንይችል እጅ ይባረክ! መጋረጃ ማለት ይህ ነው!» ይሉኛል። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ እቆማለሁ። ትሑት ሰው ነው ይሉኛል ደግሞ። የምን ትሕትና! እፍረት ነው እንጂ። ትሕትናማ ያኔ ቢኖረኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ዛሬ ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በጃንሆይ ጊዜ፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ገበያው አጠገብ በረንዳ ላይ መኪናዬን ዘርግቼ ስሠራ ስሜ የተጠራ ነበርሁ። የሹሙ ኮት፣ የመምህሩ ሱሪ፣ የሙሽራው ልብስ ከእኔ እጅ ነበር የሚወጣው። ቁጡም ነኝ። ዛሬም አልተውሁትም፣ ያኔ ግን ይብስብኝ ነበር። አንድ ስፌት ጠመመ ማለት ለእኔ ስሜ ጠመመ ማለት ነው፤ ሱሪ ሙሉ ፈትቼ እንደገና እሰፋለሁ፣ እስከዚያ ድረስ ማንም ባያናግረኝ ይሻለዋል።

መርፌ ያስያዘችኝ እናቴ ናት። ሸጊቱ ትባላለች። የኖረችው ሮብ ገበያ አጠገብ፣ ጮቄ ሥር፣ ብርዱ አጥንት በሚገባበት አገር ነው። የጎረቤቱን ቡሉኮ የምታጋጥም፣ የልጃገረዱን ቀሚስ የምትዘመዝም እሷ ነበረች። ስትሰፋ ታንጎራጉራለች። መርፌ ከእጇ ከጠፋ ግን ሥራ የፈታች ይመስላትና ትነጫነጫለች።

የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ኩፍኝ ይዞኝ ነፍሴ ልትወጣ ደርሳ ነበር አሉ። እናቴ ከአጥቢያችን ማርያም ደጅ ወድቃ «እመቤቴ፣ ይህን ልጅ ብታተርፊልኝ በገዛ እጄ መጋረጃ ሰፍቼ አገባልሻለሁ» ብላ ተሳለች። እኔ ዳንሁ። ስለቱ ግን ዛሬ ነገ ሲባል ቀረ። አባቴ ሞተ፣ ጨርቁ አልተገኘም፣ ዓመት ዓመትን ወለደ። ጨርቁን የምገዛላት ሰው እኔ በሆንሁበት ጊዜ ደግሞ የእሷን ዓይን ሞራ ጋረደው።

ክረምቱ ሲወጣ በበቅሎ ጭኜ እኔ ቤት አመጣኋት። ሐኪም አያትና «አዲስ አበባ ውሰዳት፤ ሞራው ሊነሳ ይችላል፣ ግን ብዙ አትቆይ» አለኝ። እሷ አሻፈረኝ አለች።

«ከስለቴ በፊት ማንም ዓይኔን አይነካም። ቢበላሽብኝሳ? ይህችኑ ጥላ ጥላውን የማይባትን ባጣትስ? መጀመሪያ መጋረጃዬን ላግባ፤ ከዚያ ወደፈለግኸው ውሰደኝ።»

ቀይ ጨርቅ ገዛሁላት፤ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ተጋጥሞ ዙሪያው የሚዘመዘም። በቀይ ክር ጀመረች። መርፌውን ለማግባት ብቻ ግማሽ ጠዋት ፈጀች፤ ክሩ ቀዳዳውን ይስታል፣ ትልሰዋለች፣ ደግሞ ይስታል። ሰፍታ ስትዳብሰው ስፌቱ እጥፋቱን ለቆ ወጥቷል። ጨርቁን ጭኗ ላይ ጥላ አለቀሰች። እናቴ ስታለቅስ ያየሁት አባቴ የሞተ ጊዜና ያን ቀን ብቻ ነው።

«አምጪው እምዬ፣ እኔ በግማሽ ቀን እጨርስልሻለሁ» አልኋት።

«የተሳልኸው አንተ ነህ እንዴ?» አለችኝ።

ባለቤቴ ማንጠግቦሽ ነገር ቶሎ የሚገባት ሴት ናት። እኔ ደንበኛ ሳስተናግድ እሷ እናቴን ቁጭ ብላ ስታያት ሰነበተች። ከዚያ ተነስታ ቢጫ ክር ከሣጥኔ አወጣች።

«ቀይ በቀይ ላይ እንኳን እማማ እኔም አላየው። በዚህ ይሞክሩት» አለቻት።

«ቢጫ ክር በቀይ ጨርቅ!» ብዬ ጮህሁ። «አብደሻል? ሰው ምን ይላል?»

«የሚሰፋው ሰው ነው ወይስ እማማ?» አለችኝ። አፌን ዘጋሁ፤ ውስጤ ግን አልተዘጋም።

ማንጠግቦሽ በየማለዳው ሃያ መርፌ ክር አግብታ፣ የክሩን ጫፍ ሰም አስነክታ፣ ገብስ በተሞላች ትንሽ ትራስ ላይ ደርድራ ትሰካላታለች። እናቴ አንዱ ሲያልቅባት ሌላውን ነቅላ ትቀጥላለች፤ ማንንም አትጠራም። ከእጥፋቱ ሥር ደግሞ ቀጭን የቆዳ ጠፍር አኖረችላት። የግራ እጇ ጣት ጠፍሩን ተከትሎ ይሄዳል፣ መርፌው ጣቷን ይከተላል። የጠዋት ፀሐይ በትከሻዋ በኩል እንዲገባ መቀመጫዋን ከበሩ አጠገብ አደረገችላት። በሳምንቱ እናቴ ማንጎራጎር ጀመረች። «ማንጠግቦሽ፣ እጄ እኮ አልሞተም!» ትላለች። ማታ የሰፋችውን ያህል በስንዝር ለክታ ሳትነግረን አትተኛም ነበር።

አንድ ነገር ግን ያናድደኝ ነበር። በየስንዝሩ ጠርዙ ላይ ትንሽ ቋጠሮ ትቋጥራለች። ስትቋጥር ቀስ ትላለች፣ ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል። እኔ ክሩ እየተወሳሰበ ያስቸገራት መሰለኝ። በእኛ ሥራ በጠርዝ ላይ ቋጠሮ መተው ነውር ነው፤ የሚቋጥረው ለማጅ ነው። ልጠይቃት አልሁና ለምን አሳፍራታለሁ ብዬ ተውሁት። ምናለ ጠይቄ ቢሆን!

በታኅሣሥ መጨረሻ አለቀ። ሦስት ወር ፈጀባት። ልታሳየኝ ብላ ማንጠግቦሽን ይዛ በረንዳው ድረስ መጣችና ገበያተኛው ፊት ዘረጋችው። ስፌቱ መቼም ዓይኗ ካለበት ሁኔታ ሲታይ ጉድ ያሰኛል። ግን ይወጣል ይገባል፣ አንዳንዱ ረጅም አንዳንዱ አጭር ነው፣ ቢጫው ደግሞ ከሩቅ ይጮሃል። ከጎኔ የሚሰፋው ባዘዘው አንገቱን አስግጎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምንይችል፣ ይህን ዶሮ ነች የጫረችው? ከአንተ ቤት ወጣ ከተባለማ ደንበኞችህን ለእኔ ልቀቅልኝ» አለ።

ቀልዱን ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። የቆሙት ሳቁ። ይህን ስናገር ዛሬም ጆሮዬ ይግላል፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

«ምን አሳቃቸው?» አለች እናቴ።

«ደስ ብሏቸው ነው እምዬ።»

እሷም ደስ አላትና ፈገግ አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። በአስተርእዮ ዕለት አገሩ ሁሉ ሲሰበሰብ የአጥቢያችን መሪጌታ ያን መጋረጃ ሊዘረጋው ነው። የልብስ ሰፊው እናት ስለት ተብሎ ሊሰቀል ነው። ሰው ምን ይላል፣ ሰው ምን ይላል እያልሁ ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። ሰው እንዳይስቅባት ነው እያልሁ ራሴን አታለልሁ። ውሸቴን ነው፤ የፈራሁት ለራሴ ነው።

የቃና ዘገሊላ ዕለት እናቴና ማንጠግቦሽ የሚካኤልን ታቦት ሊሸኙ ወጡ። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። በበዓል ቀን! መርፌ መንካት ነውር በሆነበት ቀን! በሩን ዘግቼ መጋረጃውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁትና ቢጫውን ክር በምላጭ እየበጣሁ ፈታሁት። ቋጠሮዎቹን እንደ ቅጫም አንድ በአንድ ለቀምኋቸው። ከዚያ በቀይ ክር፣ በመኪና፣ ቀጥ አድርጌ ሰፋሁት። የሦስት ወሩ ሥራዋ እልልታው ከጥምቀተ ባሕሩ ሳይመለስ አለቀ። የተረፈውን ቢጫ ብናኝ ጠርጌ ጣልሁ። መጋረጃውን አጣጥፌ በነጠላ ጠቅልዬ በገመድ አሰርሁት።

ማታ እናቴ «እስቲ አምጣው፣ ልዳብሰው» አለችኝ።

«ታስሯል እምዬ፤ ለመንገድ አዘጋጅቼዋለሁ። እንዳይቆሽሽ።»

«እጄ ነው የሚያቆሽሸው?» ብላ ሳቀች። ካፈርሁ አይመልሰኝ ይባል የለ? አንዴ ከገባሁበት ወዲያ መመለሻው ጠፋኝ። እስከ ሃያ በየቀኑ ልንገራት እላለሁ፣ በየቀኑ እተወዋለሁ።

በጥር ሃያ ማለዳ በበቅሎ ወጣን። እናቴ ጥቅሉን አልሰጥም ብላ ጭኗ ላይ አድርጋ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ሳትደክም ታወራለች፤ ስለ ኩፍኙ፣ ስለ አባቴ፣ እመቤቴ ይህን ያህል ዓመት እንዴት እንደታገሠቻት። «ይኸው አሁንማ ዓይኔም ቢጠፋ አልቆጭም» ትላለች። እኔ የበቅሎዋን ልጓም ይዤ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ፤ ፊቴን እንዳታይ፣ እንደምታየው ሁሉ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከጥዱ ሥር ተሰበሰበ። መሪጌታ እንዳላማው ልጅ ሆኜ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ናቸው። የእናቴን እጅ ይዘው አቆሟትና «ይህች ሸጊቱ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት የተሳለችውን ስለት፣ ዓይኗ ፈዞ ሳለ፣ በገዛ እጇ ሰፍታ አምጥታለች» አሉ። እልልታው ቀለጠ። ገመዱን ፈትተው መጋረጃውን ዘረጉት።

«ወይ እመ ብርሃን!» አሉ የኔታ። «እዩት፣ እዩት! ዓይን ያለውም እንዲህ ቀጥ አድርጎ አይሰፋ!»

ማንጠግቦሽ ጨርቁን አየች። ቢጫ የለም። ከዚያ እኔን አየችኝ። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች።

«የኔታ፣ ከመስጠቴ በፊት አንዴ ልሳመው» አለች እናቴ።

ጫፉን አቀበሏት። ሳመችው። ከዚያ ጣቷ በጠርዙ ላይ መሄድ ጀመረ። አንድ ስንዝር ሄደ፣ ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ። ከንፈሯ መቁጠር ጀምሮ እዚያው «አንድ» ላይ ቀረ። በሁለት እጇ ጨርቁን እያገላበጠች ፈለገች፣ ታጥፎ ይሆን ብላ በውስጡም በውጭውም ፈለገች። ሕዝቡ ጸሎት እያደረሰች መስሎት ጸጥ ብሏል።

«የት ሄዱ?» አለች፣ በቀስታ። የሰማናት ከጎኗ የቆምን ብቻ ነን።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

«ምንይችል» አለች።

«አቤት እምዬ።»

«አንተ ነህ?»

«አዎ።»

ከዚያ ወገቧን ቀና አደረገችና ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች። «የኔታ፣ ይህ የልጄ የእጅ ሥራ ነው። እሱ ለእመቤቴ ያመጣላት ነው፤ ተቀበሉት። የእኔ ገና አላለቀም።»

ሕዝቡ ምን ያውቃል! እልልታው ለእኔ ሆነ። «ምንይችል ተባረክ! የእናቱን ውለታ ያልረሳ ልጅ!» እያሉ ሽማግሌዎቹ ግንባሬን ሳሙኝ። በሕይወቴ ስድብ ጠጥቻለሁ፣ ጥፊም ቀምሻለሁ። እንደዚያ ምርቃት የጎዳኝ ግን የለም።

ማንጠግቦሽ ከቅጥሩ ውጭ ይዛኝ ወጣች። «ቋጠሮዎቹ ስልሳ አራት ነበሩ» አለችኝ። «እመቤታችን በምድር የኖረችበት ዘመን ቁጥር። በየቋጠሮው አንድ ሰላም ለኪ ደግማበታለች። እኔ ነኝ አብሬ የምቆጥርላት። መቼ ነው የፈታኸው?»

«የቃና ዘገሊላ ለት።»

«በበዓል!» አለችና አማተበች። ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። እውነቷን ነው።

ስንመለስ እናቴ በቅሎ ላይ ሆና ብዙ መንገድ ዝም አለች። ብትቆጣኝ፣ ብትረግመኝ እኮ እኔም የምለው አይጠፋኝም ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ድንገት ጠየቀችኝ።

«ቋጠሮዎቹን ምን አደረግሃቸው?»

«ጠርጌ ጣልኋቸው።»

«እህ» አለች። ቆይታ ደግሞ «ጠማማ ነበር?» አለችኝ።

ያን ጊዜ መዋሸት አቃተኝ። «ነበር እምዬ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም? የጠመመ ነገር ይፈታል ብዬ ያስተማርሁህ እኔ አይደለሁም? ፈትቼ እሰፋው ነበር እኮ።»

ልጓሙን ይዤ ከፊት ከፊት ሄድሁ።

ቤት እንደደረስን «ጨርቅ ግዛልኝ» አለች። እግሯ ላይ ወደቅሁ፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ እንሂድ፣ ሐኪሙ አትቆይ ብሏል፣ ዓይንሽ ይታይ ብዬ ለመንኋት። «ስለቴን ሳላገባ?» አለችኝ፤ አለቀ። መጋረጃውን አርፌ ትቼው ቢሆን ኖሮ የጥር ማርያም ማግሥት አዲስ አበባ ነበርን። ይህን ሳስብ ነው ብርድ ብርድ የሚለኝ።

ለፋሲካ ያቺ ጥላ ጥላዋም ጠፋች። ጨለመባት። ቢጫም ሆነ ቀይ ለእሷ አንድ ሆነ፤ ግን «ቢጫውን ስጡኝ፣ እመቤቴ ለምዳዋለች» አለች። መርፌውን ከዚያ ወዲህ የማገባላት እኔ ሆንሁ። ማንጠግቦሽ ትራሷን ጭኔ ላይ ጣል አድርጋ «ያንተ ሥራ ነው» አለችኝ። ሃያ መርፌ፣ ጫፉን ሰም አስነክቼ፣ በየማለዳው። ባዘዘው አንድ ቀን ሊቀልድ አፉን ሲከፍት መቀሴን አነሳሁበት፤ ዘጋው።

የሚገርመው ደግሞ እሷ ደስተኛ ነበረች። ታንጎራጉራለች፣ በእኔ ትቀልዳለች። «ምንይችል፣ ዛሬ መርፌውን በጅራቱ ነው እንዴ ያገባኸው?» ትለኛለች። አንዳንዴ ደግሞ «ና ቁጠርልኝ» ብላ ዓይኔን አስጨፍና ጣቴን በጠርዙ ላይ ትመራዋለች። ስሳሳት እጄን መታ ታደርገኛለች፣ እንደ ልጅነቴ። ስፌቷ ከፊተኛው ይልቅ የጠመመ ነበር። ጠማማ መሆኑን ነገርኋት። ሁለት ጊዜ ራሷ ፈትታ ሰፋችው፣ በሦስተኛው «ከዚህ በላይ አልችልም፣ እመቤቴም ታውቃለች» አለች።

ኅዳር ሲገባ ብርድ መታት። በአምስተኛው ቀን አረፈች። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ነበር። ቆጠርሁት፣ ማንጠግቦሽም ቆጠረችው፤ ሃምሳ አንድ ቋጠሮ። አሥራ ሦስት ይቀር ነበር።

ጨርቁን ይዤ ወደ የኔታ እንዳላማው ወጣሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ሳቄን፣ ምላጩን፣ በዓሉን፣ እልልታውን። እየሰሙ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆዩ።

«የኔታ፣ አሥራ ሦስቱን እኔ ልቋጥርላት? ሰላም ለኪ እየደገምሁ?» አልኋቸው።

«ስለቱ በማን እጅ ነው የተባለው?»

«በእሷ።»

«እንግዲያ ያንተን እጅ አንዴ አስገብተሃል፤ ይበቃል። እንዳለ አምጣው። መርፌውን ብቻ ንቀል።»

ነቀልሁት። የእሷ መጋረጃ በደቡቡ በር፣ በሴቶቹ በኩል ተሰቀለ። የእኔው ደግሞ በዋናው በር ተዘርግቷል፤ ቀጥ ብሎ፣ ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው። ባልቴቶቹ ግን የእሷን ይሳለማሉ፣ ቋጠሮዎቹንም በጣታቸው እየነኩ ያልፋሉ።

እኔም በየዓመቱ ዓይኔን ጨፍኜ እቆጥራለሁ። ሃምሳ አንድ ላይ ጣቴ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ጠርዙ ያልተዘመዘመ ነው፤ አሥራ ሦስት ስንዝር። ክሩ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየተተረተረ ይወርዳል። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ እጄን ይበላኛል፤ መርፌና ክርም ከኪሴ አይጠፋም። ከኋላዬ አንዱ «የምንይችል እጅ ይባረክ» ይላል። እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ።